ላሃይናን ከውሃዋ ጀምራችሁ ሥሯት

ለማዊ ካውንቲ አስተዳደርና ምክር ቤት
ለካውንቲው የባህል ቅርስ ኮሚሽን
ለሃዋይ ግዛት የታሪካዊ ቅርስ ጥበቃ ክፍል
እንዲሁም ወደ ሃዋይ ለምትመላለሱ ወገኖቼ በሙሉ

የተከበራችሁ፣

ልመናዬን ከፊት ላስቀምጠው። ኦገስት 8 ቀን 2023 እሳት የበላት የማዊ ደሴቷ ከተማ ላሃይና እንደገና እየተሠራች ነው። ቤታቸው የተቃጠለባቸው ቤተሰቦች ወደ ቦታቸው መመለሳቸው ከሁሉም ይቅደም። በዚህ ማንም የሚከራከር አይመስለኝም። ከዚያ ቀጥሎ ግን በታሪካዊ ቅርስ ስም ከሚወጣው ገንዘብ የመጀመሪያው ዶላር ወደ ሞኩኡላ ይሂድ። ሞኩኡላ በኩሬ መካከል የነበረች የሃዋይ ነገሥታት ደሴት ናት። ዛሬ ከአንድ የቤዝቦል ሜዳ ስር ተቀብራ ትገኛለች። የባሕር ዳሩ መንገድ፣ የፍሮንት ስትሪት ሱቆች ይቆዩ። እነሱ ተራቸው ይደርሳል።

የምኖረው ሆኖሉሉ ነው። እንጀራዬ ግንበኝነት ነው። የሃዋይ ተወላጆችን ወክዬ ለመናገር መብት የለኝም፤ እነሱ ይህንን ነገር እኔ ደሴቲቱን ሳላውቃት በፊት ሲሉት ኖረዋል። እኔ የማክለው የአንድ ባለሙያ ዓይንና የአንድ ጎረቤት ድምፅ ነው። በአማርኛ የጻፍኩበትም ምክንያት አለ። ከዋሽንግተን፣ ከሲያትል፣ ከሎስ አንጀለስ ለጫጉላም ለእረፍትም የሚመጡ ወገኖቼ አሉ። ማዊን የሚያውቋት በአሸዋዋና በሆቴሎቿ ነው። ይህ ጉዳይ የነሱም እንዲሆን እፈልጋለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

እሳቱ 102 ሰዎችን ገደለ። ከ2,200 በላይ ሕንፃዎችን አወደመ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤት አልባ ሆኑ። በቴሌቪዥን ያየን ሰዎች አብዛኞቻችን ያየነው የባሕር ዳር መንገዱን ነው። የእንጨት ሱቆች፣ በረንዳዎች፣ ምግብ ቤቶች። «ታሪካዊቷ የዓሣ ነባሪ አዳኞች ከተማ ወደመች» ተባለ። እውነት ነው፣ ወድማለች። ግን ይህ ስያሜ ራሱ ግማሽ ነው። በ1840ዎቹ በዓመት በመቶዎች የሚቆጠሩ የዓሣ ነባሪ መርከቦች እዚያ ወደብ ላይ መልሕቅ ይጥሉ ነበር። ይሁን እንጂ ቱሪስት ፎቶ ሲያነሳው የኖረው መንገድ በአብዛኛው ከዚያ ዘመን የመጣ አልነበረም። በ1919 ሌላ እሳት ብዙውን የፍሮንት ስትሪት ክፍል በልቶት ነበር። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት የሸንኮራ እርሻ ዘመን ሱቆች ናቸው። እነሱም ታሪክ ናቸው፣ አልንቃቸውም። ግን የላሃይና ታሪክ ከነሱ አይጀምርም።

ላሃይና ከ1820ዎቹ እስከ 1840ዎቹ አጋማሽ የሃዋይ መንግሥት መቀመጫ ነበረች። የመንግሥቱ የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት፣ የ1840ው፣ የተረቀቀው በዚህች ከተማ ነው። በ1962 አሜሪካ ከተማዋን ብሔራዊ ታሪካዊ ምልክት ብላ የመዘገበቻት ያለ ነገር አይደለም። ከዚያ በፊት ደግሞ ቦታው ሌሌ ይባል ነበር። የሚታወቀውም በኡሉ ዛፎቹ ጥላ ነበር። ኡሉ የዳቦ ፍሬ የሚሉት ትልቅ ቅጠል ያለው ዛፍ ነው። ውሃ በየቦታው ነበር። ምንጭ፣ ኩሬ፣ የታሮ ማሳ። ታሮን እኛ ጎደሬ እንለዋለን፤ ተክሉ ያው ነው። ዛሬ ያንን ደረቅ ቢጫ ኮረብታ የሚያይ ሰው ይህን ለማመን ይቸገራል።

ሞኩኡላ በዚህ ውሃ መካከል ነበረች። ኩሬው ሞኩሂኒያ ይባላል። ስፋቱ ወደ 17 ኤከር ይገመታል። ደሴቲቱ አንድ ኤከር ያህል ብትሆን ነው። የማዊ አለቆች የሃዋይን ደሴቶች አንድ ካደረገው ንጉሥ ከካሜሃሜሃ በፊትም ይኖሩባት ነበር። ኩሬውን የምትጠብቀው ኪሃዋሂኔ ናት ተብሎ ይታመን ነበር፤ የታላቁ አለቃ የፒኢላኒ ልጅ ነበረች፣ ከሞተች በኋላ በእንሽላሊት አምሳል የውሃው ጠባቂ ሆነች ይላሉ። ለሷ ክብር ሲባል ሰው እንደ ፈለገ ወደ ኩሬው አይገባም ነበር።

ንግሥት ኬኦፑኦላኒን አንባቢዎቼ እንዲያውቋት እፈልጋለሁ። የቀዳማዊ ካሜሃሜሃ ሚስት ናት፤ በትውልድ ደረጃ ግን ከባሏ ትበልጥ ነበር። በዚያ ዘመን ሴትና ወንድ በአንድ ማዕድ አይበሉም። በልተው ቢገኙ ቅጣቱ ሞት ነበር። በ1819 ባሏ ሲሞት ኬኦፑኦላኒ ከትንሹ ልጇ ጋር ቁጭ ብላ በላች። ያ አንድ ገበታ የቆየውን የሥርዓት ምሰሶ አናጋው። በ1823 ላሃይና ውስጥ አረፈች፤ ልትሞት ጥቂት ሲቀራት ተጠምቃለች። ያ ትንሽ ልጅ በኋላ ካሜሃሜሃ ሦስተኛ ሆኖ ነገሠ። እህቱ ናሂኤናኤና በ1836 መጨረሻ በሃያዎቹ ዕድሜዋ መግቢያ ላይ ሞተች። ንጉሡ ሐዘኑ ልቡን ሰብሮት ወደ ሞኩኡላ ገባ። እዚያው መኖሪያውን አደረገ። የእናቱንና የእህቱን አጽም ያኖረበት መቃብርም እዚያው ነበር። መንግሥት ሲመራ የነበረው ከመቃብራቸው አጠገብ ተቀምጦ ነው። ሕገ መንግሥቱ የመጣው በነዚያ ዓመታት ነው።

አሁን ይህ ቦታ ምን ሆነ? መልሱ ሸንኮራ ነው። ፓይነር የተባለው የስኳር ፋብሪካ በ1860 ተቋቋመ። ሸንኮራ አገዳ ውሃ ይጠጣል፣ አይጠግብም። ከተራራው የሚወርዱት ጅረቶች በቦይ ተጠልፈው ወደ እርሻው ዞሩ። ሞኩሂኒያን ይመግብ የነበረው የካዋኡላ ጅረትም እንደዚያው። ውሃ የማይገባበት ኩሬ ረግረግ ሆነ፣ ረግረጉ የትንኝ መራቢያ ሆነ። ከዚያ «ለጤና ጠንቅ ነው» ተባለና በ1914 በአፈር ተሞላ። ጥቂት ቆይቶ ለካውንቲው መናፈሻ ተደረገ። ማሉኡሉ ኦ ሌሌ ፓርክ ይባላል፤ ስሙ የሌሌን የኡሉ ጥላ የሚያነሳ ነው። ስሙ ተረፈ፣ ዛፎቹም ውሃውም ጠፉ። ልጆች ቤዝቦል የሚጫወቱበት ሜዳና የመኪና ማቆሚያ ሆነ። አጽሞቹ ቀድመው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተዛውረው ነበር። በ1990ዎቹ አርኪዮሎጂስቶች ሲቆፍሩ ግን የደሴቲቱ ቅሪት ከአፈሩ ስር እንዳለ ሆኖ ተገኘ። ማለትም አልፈረሰችም። ተሸፍና ነው ያለችው። በ1997 ሞኩኡላ በብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ላይ ሰፍራለች።

ይህን ያህል የዘረዘርኩት በምክንያት ነው። ኩሬውን ያደረቀው ነገርና ከተማዋን ያቃጠለው ነገር አንድ ሥር አላቸው። ፋብሪካው በ1999 ተዘጋ። እርሻው ጦም አደረ። በሸንኮራው ቦታ ከውጭ የገባ ጊኒ ሳር ወረሰው። ሰው ቁመት ይደርሳል፣ ሲደርቅ እንደ ጭድ ነው። በዚያ ቀን ንፋሱ የኤሌክትሪክ መስመር ጣለ፣ ጠዋት ጠፋ የተባለው እሳት ከሰዓት በኋላ እንደገና ተነሳ። ሳሩ ተቀበለው። ንፋሱ ወደ ከተማው ነዳው። ኩሬና ጎደሬ ማሳ በነበረበት ቦታ እሳቱ የሚያቆመው ነገር አላገኘም። 17 ኤከር ኩሬ ያን ሁሉ እሳት ያስቆም ነበር ልል አልችልም። ግን ውሃ የነበራት ላሃይና እንደዚያ አትደርቅም ነበር። ስለዚህ ሞኩሂኒያን መመለስ የቅርስ ሥራ ብቻ አይደለም። ከተማዋን ከሚቀጥለው እሳት የመጠበቅ ሥራም ነው።

ሐሳቡ ከእሳቱ በኋላ በማገገሚያ ውይይቶች ላይ ደጋግሞ ሲነሳ በደስታ ሰምቻለሁ። ያስፈራኝ ቅደም ተከተሉ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ገቢ የሚያስገባው ነገር ይቀድማል። ሱቅ ኪራይ ያስገባል፣ ሆቴል ግብር ያስገባል። ኩሬ ምን ያስገባል? «በሁለተኛው ምዕራፍ» ይባላል። ሁለተኛው ምዕራፍ ደግሞ አይመጣም። በዚህ ሙያ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ! ግቢው በኋላ ይሠራል ተብሎ የተተወ ቤት ግቢ ሳይኖረው ይቀራል።

ውሃውን በተመለከተ በእጃችሁ መሣሪያ አለ። የግዛቱ የውሃ ሀብት ኮሚሽን በጁን 2022 የላሃይናን አካባቢ ልዩ የውሃ አስተዳደር ቀጣና ብሎ ሰይሞታል። ይህ ማለት ከግለሰብ የቤት ፍጆታ በቀር ጅረቱንም የከርሰ ምድር ውሃውንም የሚጠቀም ሁሉ ፈቃድ ማውጣት አለበት። እንግዲያው ለሞኩሂኒያ የሚሆነው ውሃ አሁኑኑ ተለክቶ ይያዝ። ከጎልፍ ሜዳና ከአዳዲስ የቅንጦት ቤቶች በፊት ይመዝገብ። በካዋኡላ ሸለቆ ጎደሬ የሚያለሙ ቤተሰቦች አሉ፤ ለውሃቸው ብዙ ታግለዋል። ኩሬው የነሱን ድርሻ የሚሻማ እንዳይሆን ከመጀመሪያው አብረዋችሁ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጡ።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም።

ከእሳቱ በኋላ ቆመው የቀሩ ግድግዳዎች አሉ። የሚስዮናዊው ሐኪም የባልድዊን ቤት፣ የድሮው ፍርድ ቤት፣ ሃሌ ፓአሃኦ የሚባለው እስር ቤት አጥር። እነዚህ በድንጋይና በኮራል የተሠሩ ናቸው። ኮራል ከባሕር ስር ተቆርጦ የሚወጣ፣ የኖራ ድንጋይ ዓይነት ነው። ሆኖሉሉ ላይ ካዋያሃኦ የሚባለው ቤተ ክርስቲያን ወደ 14,000 በሚሆኑ የኮራል ብሎኮች ተሠርቶ በ1842 አለቀ። ጠላቂዎች ባሕር ውስጥ እየገቡ በእጅ መሣሪያ ነበር የሚቆርጡት። አንዱ ብሎክ ግማሽ ቶን ገደማ ይመዝናል። ማሽን የለም። ይህን ሥራ የሠራ ሕዝብ እጅ እዚያ ግድግዳ ላይ ይታያል። ባልድዊን ቤት በ1830ዎቹ አጋማሽ የተሠራ ነው፤ ግድግዳው ወደ 60 ሳንቲሜትር ይወፍራል። ዶክተር ባልድዊን በ1853 ፈንጣጣ ሲገባ የማዊን ሕዝብ የከተበው ከዚያ ቤት እየወጣ ነው። እስር ቤቱን የከበበው አጥር ደግሞ ከፈረሰ ምሽግ በመጣ ኮራል ተገነባ፤ የገነቡትም እስረኞቹ ራሳቸው ናቸው። ፍርድ ቤቱ በ1859 ሲሠራ ከንጉሡ ቤተ መንግሥት ከሃሌ ፒውላ የተረፈው ድንጋይ ገብቶበታል። ላሃይና ድንጋዩዋን አትጥልም ነበር፤ ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው ታሸጋግረዋለች።

እሳት የመታው ኮራል ግን እንደ በፊቱ አይደለም። ኃይለኛ ሙቀት ሲያገኘው ላዩ ወደ ኖራነት ይለወጣል። በዓይን ሲያዩት ደህና ይመስላል። ዝናብ ሲነካው በጣት ይፈረፈራል። ከዚያ የባሕሩ ጨው ይገባበታል። ጣሪያ የሌለው ግድግዳ ደግሞ ውሃ የሚጠጣው ከላይ ነው። ስለዚህ ባለሙያ ፕላን እስኪያወጣ፣ በጀት እስኪፀድቅ፣ ስብሰባ እስኪያልቅ የሚጠበቅ ጉዳይ አይደለም። ጊዜያዊ የቆርቆሮ ክዳን ያልተሠራለት ግድግዳ ካለ አሁን ይሠራለት። ርካሽ ነው። በሳምንት ያልቃል።

ሁለተኛው ደግሞ ሲሚንቶ ነው። እባካችሁ በእነዚህ ግድግዳዎች መገጣጠሚያ ሲሚንቶ አታስገቡ። ኮንትራክተሩ «ይጠነክራል» ይላችኋል። መጠንከሩ ነው ችግሩ። ሲሚንቶ አይተነፍስም። በግድግዳው ውስጥ ያለው እርጥበት መውጫ ሲያጣ በድንጋዩ በኩል ይወጣል፣ ጨዉን ይዞ። ጨዉ ድንጋዩ ውስጥ ሲደርቅ ፊቱን እየላጠ ይጥለዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጠንካራ የሲሚንቶ መስመር ይቀርና ድንጋዩ ይጎደጉዳል። ድሮ የተሠሩት በኖራ ነው። በኖራ ይጠገኑ። የኖራ ሥራ የሚያውቅ ሰው አሁን ጥቂት ነው፤ እንግዲያው የማዊ ወጣቶችን አሠልጥኑበት። ሥራው ለዓመታት የሚዘልቅ ነው፣ ደሞዙም እዚያው ደሴቱ ላይ ይቀራል።

የእንጨቶቹን ሱቆች በተመለከተ ሐሳቤ ለየት ሊል ይችላል። እንደነበሩ አስመስሎ ለመሥራት ትልቅ ግፊት ይኖራል። ቁመታቸውን፣ በረንዳቸውን፣ ከመንገዱ ያላቸውን ርቀት ጠብቁ፤ ይህ የከተማዋ መልክ ነው። ግን አዲሱን እንጨት አሮጌ አታስመስሉት። አዲስ ቤት አዲስ መሆኑን ይናገር። በአሮጌ ቀለም የተቀባ የ2027 ሱቅ ማንንም አይጠቅምም፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ልጅም ያሳስተዋል።

እሳቱ ራሱ ያስተማረውንም አትርሱ። ፍሮንት ስትሪት ላይ ቀይ ጣሪያ ያለው አንድ የእንጨት ቤት ነበረ፣ አሁንም አለ። ዙሪያው ሁሉ አመድ ሆኖ እሱ ብቻውን ቆሞ የታየበትን ፎቶ ዓለም አይቶታል። ዕድሜው መቶ ዓመት ይጠጋል። የፓይነር ፋብሪካ ሒሳብ ሠራተኛ ቤት ነበር። ባለቤቶቹ ሲያድሱት ጣሪያውን በወፍራም ቆርቆሮ ቀየሩት። በግድግዳው ሥር የነበረውን ተክል ነቅለው የወንዝ ድንጋይ አነጠፉበት። ይህንን ያደረጉት ለእሳት አልነበረም፤ ምስጥ እንዳይገባ ብለው ነው። አሮጌ የእንጨት ቤትን ጠብቆ ማቆየትና ከእሳት ማዳን አብረው እንደሚሄዱ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። የጣሪያውንና የድንጋዩን አሠራር በዲዛይን መመሪያችሁ ውስጥ አስገቡት። «የድሮ ቤት ጣሪያ የእንጨት ሰሌዳ ነበር» ብሎ ቆርቆሮ የሚከለክል ደንብ ካለ ይሻር።

ከሱቆቹ ጋር አብረው የጠፉ ሌሎች ቤቶች አሉ፤ ስለነሱ ብዙ ሲወራ አልሰማሁም። በ1912 የተሠራው የቻይናውያኑ የዎ ሂንግ ማኅበር አዳራሽ ተቃጥሏል። የጆዶ ሚሽን የቡድሂስት ቤተ መቅደስ ተቃጥሏል፤ የጃፓን ስደተኞች የመጡበትን መቶኛ ዓመት ለማሰብ በ1968 የቆመው ትልቁ የቡድሃ ሐውልት ግን በቦታው ነው። እነዚህን የሠሩት ሸንኮራ ሊያጭዱ የመጡ ሰዎች ናቸው። ከዚያ ፊሊፒኖዎቹ መጡ፤ ዛሬ ከከተማዋ ነዋሪ ትልቁ ክፍል እነሱ ናቸው። ስደተኛ የመጀመሪያ ገንዘቡን አዋጥቶ የሚሠራው የሚሰበሰብበትን ቤት ነው። እኛም ስደተኞች ነንና ይህን በደንብ እናውቀዋለን። ዎ ሂንግ ለቱሪስት መግቢያ ትኬት ብቻ ሳይሆን ለእነዚህ ቤተሰቦች ተብሎ ይሠራ።

የዋይኦላ ቤተ ክርስቲያንን ሳልጠቅስ ባልፍ ጥፋት ይሆንብኛል። ጉባኤው የተመሠረተው በ1823 ነው። እሳቱ የመጣው 200ኛ ዓመቱን ባከበረበት ዓመት ነው። በ1832 የተመረቀው የመጀመሪያ ሕንፃው በሃዋይ የመጀመሪያው የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ከዚያ በ1858 ንፋስ ጎዳው። በ1894 ተቃጠለ። በ1947 ተቃጠለ። በ1951 ንፋስ ጣለው። ሁልጊዜም መልሰው ሠርተውታል። አሁንም ይሠሩታል፣ አልጠራጠርም። ኬኦፑኦላኒና ናሂኤናኤና አሁን የተኙት በዚህ ግቢ ነው። ከሞኩኡላ ርቀቱ እፍኝ ነው። እንግዲህ ግቢውና ኩሬው ሁለት ፕሮጀክት ሆነው አይታዩ። አንድ ቦታ ናቸው። አንድ ፕላን ይውጣላቸው።

ቁፋሮን በተመለከተ አንድ ነገር ላሳስብ። የውሃና የፍሳሽ መስመር ሲዘረጋ፣ የቤት መሠረት ሲቆፈር የጥንት አጽም መውጣቱ አይቀርም። ለዚህ ሕግ አላችሁ፤ የማዊና ላናይ የመቃብር ምክር ቤትም አለ። ያላችሁ ሠራተኛ ግን አይበቃም። ፋይል በተቆጣጣሪ እጥረት ሲዘገይ ሰው የሚጠላው ቅርሱን ነው። «በአጽም ምክንያት ቤቴ ተጓተተ» ይላል ባለቤቱ። ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ያ አጽም የአያቱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ተጨማሪ አርኪዮሎጂስትና የባህል ተቆጣጣሪ ቅጠሩ፣ ወጪውም ከሕዝብ ገንዘብ ይሸፈን እንጂ ቤቱ በተቃጠለበት ሰው ላይ አይጫን። በታሪካዊው ክልል ውስጥ ቤት ለሚሠሩ ቤተሰቦችም ቀድሞ የፀደቀ ፕላን አዘጋጅታችሁ በነፃ ስጧቸው። ጡረተኛ አያት ለአርክቴክት የምትከፍለው የላትም። ካልረዳናት ቦታዋን ትሸጣለች። የሚገዛት ደግሞ ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

«ኩሬ መመለስ ሕልም ነው» ለሚሉ አንድ ምሳሌ አለኝ፤ እዚሁ ሆኖሉሉ ነው ያለው። ኢዮላኒ ቤተ መንግሥት በ1882 ተሠራ። በ1893 ንግሥት ሊሊኡኦካላኒ ከሥልጣን ስትወርድ ዕቃው በጨረታ ተቸበቸበ። በ1895 እሷኑ ራሷን እዚያው አንድ ክፍል ውስጥ አሰሯት። ቤተ መንግሥቱ ከዚያ ለአሥርት ዓመታት ቢሮ ሆኖ አገለገለ፣ ክፍሎቹ በጽሕፈት ጠረጴዛ ተሞሉ። በኋላ ግን ሰዎች ተነስተው ሕንፃውን አደሱ፤ የተበተነውን ዕቃ ከየአገሩ እየፈለጉ አንድ በአንድ መለሱ። ወንበር በወንበር። ዛሬ ስትገቡ የዙፋኑ ክፍል ሙሉ ነው። የተሸጠ ወንበር ከባሕር ማዶ ከተመለሰ፣ ቦታውን ያልለቀቀ ኩሬ የማይመለስበት ምክንያት አይታየኝም።

ላሃይናም የተረፈላት አለ። ሸሪፉ በ1873 የተከለው የባንያን ዛፍ ቃጠሎው ገርፎት ነበር፤ በጎ ፈቃደኞች ውሃና ማዳበሪያ እየሰጡ አቆዩትና በሳምንታት ውስጥ ቅጠል አወጣ። ማሪያ ላናኪላ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ተርፏል። ከከተማው በላይ ያለው ላሃይናሉና ትምህርት ቤት ተርፏል፣ በ1831 የተመሠረተ ነው። በግቢው ያለችው የማተሚያ ቤት፣ ሃሌ ፓኢም ተርፋለች። በሃዋይ ቋንቋ የመጀመሪያው ጋዜጣ የታተመው በዚያ ትምህርት ቤት ነው፣ በፌብሩዋሪ 1834። በራሱ ቋንቋ ማንበብ የሚወድ ሕዝብ ነበር፤ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ከዓለም ብዙ አንባቢ ካላቸው አገሮች አንዱ ሆነ።

ወገኖቼ፣ ለናንተም ጥቂት ቃል። ወደ ማዊ ስትሄዱ የተቃጠለ ቦታ ላይ ቆማችሁ ሰልፊ አትነሱ። ሰው የሞተበት ነው። የምትበሉትን እዚያው ከሚኖር ሰው ግዙ። አስጎብኚያችሁን «ሞኩኡላ የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ብዙ ቱሪስት ከጠየቀ ቢሮዎቹም ይሰማሉ። በቀድሞው የሸንኮራ እርሻ ላይ ዛሬ ቡና ይለማል፤ ከኛ ጫካ የወጣው አረቢካ ዓለምን ዞሮ እዚያ ኮረብታ ላይ በቅሏል። ከፋብሪካው የቀረው ረጅም የጭስ ማውጫ ደግሞ ከሩቅ ይታያል። ቡናችሁን ይዛችሁ ወደ ታች ወደ ባሕሩ ስትመለከቱ፣ ያ ሁሉ ውሃ ወዴት እንደሄደ አስቡት።

ለቢሮዎቹ ጥያቄዬ ሦስት ነው። የሞኩኡላና የሞኩሂኒያ ሥራ በሚቀጥለው ዓመት በጀት ላይ የራሱ መስመር ይኑረው። ለኩሬው የሚሆነው የውሃ መጠን በጽሑፍ ይታወቅ። ሥራውን በኃላፊነት የሚይዘው ሰው በስሙ ይገለጽ፣ ከላሃይና ተወላጆች መካከል ይሁን፣ ሕዝቡም ሲፈልግ የሚጠይቀው ያድርጉት። መልሳችሁን ለኔ መላክ አያስፈልግም። ላሃይና ውስጥ፣ ማታ ሰው ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት፣ በግልጽ ስብሰባ ንገሯቸው። ትርጉም ለሚያስፈልጋቸው ፊሊፒኖዎች፣ ለኢሎካኖና ለታጋሎግ ተናጋሪዎች፣ አስተርጓሚ ይኑር።

በታላቅ አክብሮት፣
ከሆኖሉሉ፣ አንድ ግንበኛ